በብዙ ክፍል የተሠራ ሶፍትዌር ማኅደሩና እትሙ እንዴት ይደራጅ

በ1955 ዓ.ም. በጣና ዳር የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በጨርቃ ጨርቅ፣ በእንጨትና በብረታ ብረት ሥራ የሠለጠኑ ባለሙያዎችን ያወጣ እንደ ነበር፣ ዛሬም ወራሹ የሆነው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኮድ የሚጽፉ ወጣቶችን ያስመርቃል። የእነዚህ ወጣቶች ችሎታ የሚያኮራ ሆኖ ሳለ፣ ሥራቸው ከአንድ ሰው እጅ ወጥቶ ወደ ብዙዎች በተላለፈ ጊዜ፣ አንዱም ፕሮግራም ተከፋፍሎ ብዙ ክፍሎች ባወጣ ጊዜ፣ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር ተስማምቶ እንደሚሠራ፣ በየትኛውም መሥሪያ ቤት የተጫነው የትኛው ቅጂ እንደ ሆነ አውቆ የሚመልስ ሰው ይጠፋል። በአንድ ፍላሽ ዲስክ ላይ «የመጨረሻው»፣ ከአጠገቡ «የመጨረሻው የታረመው»፣ ከዚያም በታች «ትክክለኛው የመጨረሻው» የተባሉ ሦስት ዚፕ ፋይሎች ተደርድረው ማየት የተለመደ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ከዚህ ድካም ለመውጣት ለምትሹ ሲሆን፣ መሠረተ ሐሳቡም አብሮ የሚለወጠውን አብሮ ማኖር፣ ለየብቻ የሚለወጠውን ለየብቻ ማኖር፣ አንድ ጊዜ ቁጥር ተሰጥቶት የወጣውንም እትም ከቶ አለመንካት ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ከጣና ርቀን መሄድ አያሻንም። በ1968 እ.ኤ.አ. ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉት ጀርመናዊ ሊቅ ወደ ጣና ገዳማት መጥተው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም አስነሥተው ነበርና፣ የክብራን ገብርኤልን መጻሕፍት የሚዘረዝረው የመጀመሪያው ካታሎግ በ1973 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» የተባለ፣ እስከ 2040 እንዲዘልቅ የታቀደ ሥራ ተጀመረ፤ እርሱም የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት መግለጫ፣ የጣናዎቹን ጭምር፣ በኮምፒዩተር ፋይል እየጻፈ በጊትሃብ ላይ በግልጽ ያኖራል። የሥራው አደራጆች ሁሉንም በአንድ ማኅደር (ሪፖዚተሪ) አላከማቹም። የብራናዎቹ መግለጫ በአንድ ማኅደር፣ ድርሰቶቹ በሌላ፣ ሰዎቹ በሌላ፣ ቦታዎቹ በሌላ፣ ተቋማቱ በሌላ ተቀምጠው፣ የፋይሎቹን ቅርጽ የሚደነግገው ሥርዓተ ጽሕፈትም የራሱ ማኅደር አለው፤ ገጹን ለተመልካች የሚያሳየው ፕሮግራም እንዲሁ ብቻውን ነው። በክብራን የሚገኝ አንድ ብራና ተአምረ ማርያምን ቢይዝ፣ በብራናው ፋይል ውስጥ የሚጻፈው የድርሰቱ መለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ የድርሰቱ ታሪክ በድርሰቶች ማኅደር አንድ ጊዜ ይጻፋል፣ አንድ ሊቅም እዚያ ባረመው ጊዜ በመቶ በሚቈጠሩ ብራናዎች ላይ እርማቱ ይታያል። ማኅደርን ስለ መክፈል የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ አሠራር ጋር የሚስማማ ነው፤ ክፍሎች እርስ በርሳቸው በመለያ ይጠቃቀሱ እንጂ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ገልብጦ አይያዝ።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ፣ ወደ ቁንዝላና ወደ ጎርጎራ ለሚሄዱ ጀልባዎች ትኬት የሚቈርጥ ሶፍትዌር ልትሠሩ ተነሣችሁ እንበል። ማናቸውንም ማኅደር ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ወረቀት አንሡና ክፍሎቹን ጻፉ፤ የጉዞ መርሐ ግብር፣ ትኬት፣ ክፍያ፣ የዘመን አቈጣጠር፣ አጭር መልእክት፣ የሒሳብ ሪፖርት። በእያንዳንዱ ክፍል ትይዩ ሦስት ጥያቄዎችን መልሱ፤ ይህን ክፍል እንዲለወጥ የሚያስገድደው ማን ነው? በምን ያህል ጊዜ ይለወጣል? ከዚህ ፕሮግራም ውጭስ የሚፈልገው ሌላ ሰው አለን? የመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ ነው። ክፍያውን የሚያስለውጠው በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ወይም አንድ ባንክ ነው፤ እነርሱ የአሠራር ደንባቸውን ሲያሻሽሉ እናንተን አያማክሩም። የጉዞውን መርሐ ግብር የሚያስለውጡት የጀልባዎቹ ባለቤቶችና የሐይቁ ነፋስ ናቸው። ሪፖርቱን ገንዘብ ያዡ ያስለውጣል፣ ምናልባትም በዓመት አንድ ጊዜ በሰኔ መጨረሻ፣ የበጀት ዓመት ሲዘጋ። የዘመን አቈጣጠሩን ግን የሚያስለውጠው ሰው የለም፤ ሕጉ በባሕረ ሐሳብ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ በትክክል ከተጻፈ ለዘመናት ይኖራል፤ ከዚህም ጋር ሆስፒታሉም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ማዘጋጃ ቤቱም ይፈልገዋል።

ይህን ወረቀት ስትመለከቱ ድንበሩ ራሱ ይገለጥላችኋል። የዘመን አቈጣጠሩ ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ በራሱ ማኅደር፣ በራሱ የእትም ቁጥር ሊኖር ይገባዋል። ክፍያውም እንዲሁ፣ የሚለወጠው በሌላ ሰው ፈቃድ ነውና። መርሐ ግብሩና ትኬቱ ግን አንዱ ሲነካ ሌላው ስለሚነካ፣ በአንድ ማኅደር ውስጥ በሁለት አቃፊ ይቀመጡ። ብዙ ወጣቶች መከፋፈልን እንደ ዘመናዊነት ቈጥረው፣ ሦስት ሰዎች ለሚሠሩት ሥራ ዐሥራ ሁለት ማኅደር ሲከፍቱ ይታያሉ፤ ከዚያም አንዲት የስም ለውጥ ለማድረግ በአምስት ማኅደር አምስት ኮሚት መጻፍና አምስቱን በቅደም ተከተል ማስገባት ግዴታ ይሆንባቸዋል። የእኔ ምክር፣ ቡድናችሁ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚበቃ እስከ ሆነ ድረስ በአንድ ማኅደር ጀምሩ፤ አቃፊዎቹን ብቻ አጥርታችሁ ለዩ፤ አንድ ክፍል የራሱ ጠባቂ፣ የራሱ የመውጫ ጊዜና የውጭ ተጠቃሚ ባገኘ ቀን ያን ጊዜ ለብቻው አውጡት።

አንድ ማኅደር መያዝ የጥቃቅን ሥራ ብቻ ምልክት እንዳይመስላችሁ፣ አማርኛን በኮምፒዩተር ስንጽፍ ብዙዎቻችን የምንገለገልበትን ኪማን የተባለውን የፊደል ገበታ ሥርዓት ተመልከቱ። የብዙ ቋንቋዎች ገበታዎች፣ የግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የአማርኛ ገበታ ጭምር፣ በአንድ ትልቅ ማኅደር ውስጥ ይኖራሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ገበታ የራሱ አቃፊ፣ የራሱ የእትም ቁጥር፣ የራሱ የለውጥ ታሪክና የራሱ የፈቃድ ሰነድ አለው፤ ለሕዝብ የወጡት፣ ገና በሙከራ ላይ ያሉትና ያረጁት ደግሞ በተለያዩ አቃፊዎች ተለይተዋል። አብረው የሚኖሩበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሁሉም በአንድ መሣሪያ ይገነባሉ፣ በአንድ ደንብም ይመረመራሉ። በአንጻሩ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት፣ ዋና መሥሪያው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ዲኤችአይኤስ 2፣ ዋናውን አካል በአንድ ማኅደር፣ በላዩ የሚሠሩትን አፖች ለየብቻቸው ያኖራል፤ ስለዚህ የአንድ አፕ ስሕተት ሲታረም ዋናው አካል እስኪወጣ መጠበቅ ሳያስፈልግ አፑ ብቻውን ሊታደስ ይችላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ልዩነቱ ከወረቀታችሁ ላይ ካሉት ሦስት ጥያቄዎች መልስ የሚመነጭ ነው።

ድንበሩ ከተወሰነ በኋላ የእያንዳንዱ ማኅደር የውስጥ አደረጃጀት ይከተላል፤ ይህ አጭር ነው። በበሩ ላይ ሪድሚ የተባለው የመግቢያ ጽሑፍ ይኑር፤ እርሱም ክፍሉ ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚጫን፣ ጠባቂውስ ማን እንደ ሆነ በአንድ ገጽ ይንገር። ከእርሱ ቀጥሎ የፈቃድ ሰነድ፣ የለውጥ መዝገብ፣ የኮዱ አቃፊና የፈተናው አቃፊ። የፋይልና የአቃፊ ስም ሁሉ በላቲን ፊደልና በትንንሽ ሆሄ ይሁን፤ በግእዝ ፊደል መሰየም ክልክል ሆኖ አይደለም፤ ዳሩ ግን «ሠዓት» እና «ሰዓት» ለኮምፒዩተር ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸውና አንዱ ጸሓፊ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው በእሳቱ ሰ ጽፎ ፋይል የጠፋ ይመስላችኋል። ለተጠቃሚው የሚታየው አማርኛ ግን በኮዱ መካከል አይበተን፤ በአንድ የትርጉም ፋይል ተሰብስቦ ይቀመጥ፤ አማርኛውን የሚያርመው ሰው ኮድ የማያውቅ የቋንቋ መምህር ሊሆን ይችላልና።

አሁን የዘመን አቈጣጠሩን ክፍል ቀረብ ብለን እንመልከተው፤ ፈተና የሌለው ማኅደር እትም ሊያወጣ እንደማይገባው ከዚህ ይታያል። ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን፣ በሌሎቹ ሦስት ወንጌላውያን ዘመን አምስት ቀን ናት። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 በጎርጎርዮሱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ ዋለ፣ መስከረም 1 ቀን 2016ም በማግሥቱ በ12 ገባ፤ በሌሎቹ ዓመታት ግን አዲሱ ዓመት በ11 ይገባል። ይህን የዘነጋ ኮድ ሦስት ዓመት ያለ እንከን ሠርቶ በአራተኛው ዓመት አንድ ቀን ያፈርሳል፣ የዚያን ቀን ትኬት የቈረጠ መንገደኛም በሌላ ቀን ይጠበቃል። እንግዲህ በፈተናው አቃፊ ውስጥ ቢያንስ እነዚህ ይጻፉ፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ትክክለኛ ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 የለም፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ይኖራል፤ ከጧቱ 2 ሰዓት በዓለም አቀፉ አቈጣጠር 8 ሰዓት ነው። ፈተናው ማናቸውም ለውጥ ወደ ዋናው ብራንች ከመግባቱ በፊት በራሱ ይካሄድ፣ አንዱ እንኳ ከወደቀ ለውጡ በሩን አይለፍ።

ቁጥር መስጠት ከዚህ በኋላ ይመጣል። ከጊትሃብ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶም ፕሬስተን ወርነር የጻፈው፣ ዛሬ በዓለም የታወቀው ደንብ ለእትም ሦስት አኃዝ ይሰጣል። የዘመን አቈጣጠሩ ክፍል 1.0.0 ሆኖ ወጣ እንበል። የጳጉሜን ስሕተት ቢታረምና ሌላ ምንም ባይለወጥ 1.0.1 ይባላል። ቀኑን ተቀብሎ የወንጌላዊውን ስም የሚመልስ አዲስ ተግባር ቢጨመርና የቀድሞው ሁሉ እንደ ነበረ ቢሠራ 1.1.0 ይሆናል። ወሮችን ከዜሮ ይቈጥር የነበረው ከአንድ እንዲቈጥር ቢደረግ ግን 2.0.0 ነው፤ በቀድሞው ላይ የተመካ ፕሮግራም ሁሉ መስከረምን ጥቅምት ማለት ይጀምራልና። የመጀመሪያው አኃዝ የሚያድገው ሥራው ስለ ከበደ ወይም አለቃው ስለ ፈለገ አይደለም፤ በእናንተ ላይ የተመካው ሰው ኮዱን ማስተካከል ግድ ስለሚሆንበት ብቻ ነው።

እትምን በዓመትና በወር መሰየም የሚወዱም አሉ፤ ኡቡንቱ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በእኛ አገር ግን አንድ አደጋ ስላለ አስጠነቅቃለሁ። አንዱ ጸሓፊ በጎርጎርዮሱ «2024.8» ብሎ ካወጣ በኋላ፣ ሌላው በማግሥቱ ወር በእኛ አቈጣጠር «2017.1» ብሎ ቢያወጣ፣ ጫኚው ፕሮግራም ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ያነሰ አሮጌ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ማሻሻያውም ለማንም ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ወይ ሦስቱን አኃዝ ያዙ፣ ወይ አንዱን ዘመን መርጣችሁ በሪድሚው ላይ በግልጽ ጻፉና ከዚያ ፈቀቅ አትበሉ። ለሰው በሚነበበው የለውጥ መዝገብ ላይ ግን የኢትዮጵያን ቀን መጻፍ የተገባ ነው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማድረግም ይቻላል።

ቁጥሩ በጊት ውስጥ በታግ ይታሰራል፤ ታጉም የማን እንደ ሆነና መቼ እንደ ተሰጠ የሚያስረዳ ሙሉ ማስታወሻ ያለው ዓይነት ይሁን። አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ታጉን ወደ ሌላ ኮሚት ማዛወር፣ ወይም በዚያው ቁጥር የተለየ ፋይል ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። ስሕተት ቢገኝበት እንኳ 1.0.1 እንደ ተሳሳተ ይኑር፣ 1.0.2 ይውጣ፤ በመዝገቡም «1.0.1ን አትጫኑ» ተብሎ ከነምክንያቱ ይጻፍ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ 3.0 ከገባ ጀምሮ የእያንዳንዱ ሆሄ ቁጥር ተለውጦ አያውቅም፤ የዩኒኮድ ሥርዓት አንድ ጊዜ የተሰጠን ቁጥር ቀርቶ የተሳሳተን የሆሄ ስም እንኳ አይቀይርም፣ በዚህም ምክንያት የዚያን ጊዜ የተጻፈ የአማርኛ ፋይል ዛሬም ይነበባል። በአንጻሩ በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. «ሌፍት ፓድ» የተባለች የዐሥራ አንድ መስመር ክፍል ባለቤቷ ከኤንፒኤም ግምጃ ቤት ባወጣት ጊዜ፣ በእርሷ ላይ የተመኩ እጅግ ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ቀን መገንባት ተሳናቸው። የወጣ እትም የሰጪው ብቻ ንብረት አይደለም፤ በእርሱ ላይ የሠራውም ሁሉ ድርሻ አለው።

ክፍሎቹ ለየብቻ ቁጥር ካገኙ በኋላ ስለ ኅብረታቸው ማሰብ ይገባል፤ እዚህ ላይ ብዙ ቡድን ይሰናከላል። ትኬቱ 2.4.1፣ ክፍያው 3.2.0፣ ዘመን አቈጣጠሩ 1.0.2 ሆነው እያንዳንዱ በየራሱ ፈተናውን ቢያልፍም፣ ሦስቱ አብረው እንደሚሠሩ ማስረጃ አይደለም። ሪፖርቱ የዘመን አቈጣጠሩን 1.1.0 ሲፈልግ ትኬቱ 2.0.0ን ቢፈልግስ? ስለዚህ ኮድ የሌለበት፣ አንድ ዝርዝር ብቻ የሚይዝ የስብስብ ማኅደር ክፈቱ። በዝርዝሩ ውስጥ የእያንዳንዱ ክፍል ስምና ትክክለኛ ቁጥሩ ይጻፍ፤ «ከ1.0 በላይ ያለው ሁሉ» የሚል ልል ቃል በዚህ ቦታ አይፈቀድም። ስብስቡን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ከባዶ ጫኑ፤ አንድ ትኬት ቈርጣችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ሰርዛችሁ፣ ሪፖርቱን አውጥታችሁ እዩ፤ ሲያልፍ ለስብስቡ ራሱ ቁጥር ስጡት። በዘጌ ወደብ ያለው ትኬት ቈራጭ ሊያውቀው የሚገባ ቁጥር ይህ አንዱ ብቻ ነው፤ ስልክ ደውሎ «ስብስብ 7 ነው የተጫነልኝ» ሲላችሁ፣ የስድስቱን ክፍሎች ቁጥር እናንተ ከዝርዝሩ ታነባላችሁ። ይህም ቁጥር በገጹ ግርጌ ሁልጊዜ ይታይ።

ስብስቡን የምታወጡበትንም ቀን በጥንቃቄ ምረጡ። አስቀድሞ የሙከራ እትም ለአንድ ወደብ ብቻ ይሰጥ፤ ሳምንት ከሠራበት በኋላ ለሌሎቹ ይሂድ። ጥምቀት ሲቃረብ፣ ወይም የካቲት 16 ቀን ለኪዳነ ምሕረት በዓል ወደ ዘጌው ዑራ ገዳም የሚሻገረው ምእመን በሚበዛበት ሳምንት፣ አዲስ ነገር አይውጣ። በዚያ ሰሞን ብርቱ ስሕተት ቢገኝ፣ በዋናው ብራንች ላይ የተከማቸውን ያልተፈተነ ሥራ ሁሉ ጨምሮ ማውጣት አይገባም፤ ከተጫነው እትም ታግ ላይ አዲስ ብራንች ተከፍቶ፣ ያቺ እርማት ብቻ ገብታ፣ ሦስተኛው አኃዝ በአንድ ከፍ ብሎ ይውጣ፣ ከዚያም እርማቱ ወደ ዋናው ብራንች ይመለስ። ይህን መመለስ የረሳ ቡድን ያንኑ ስሕተት በሚቀጥለው እትም እንደ አዲስ ያገኘዋል።

የለውጥ መዝገቡ በሁለት ዓይነት አንባቢ ይነበባልና በሁለት ዓይነት ቋንቋ ይጻፍ። በየክፍሉ ማኅደር ያለው ለኮድ ጸሓፊ ነው፤ እዚያ የተግባሩን ስም ሳይቀር መጥቀስ ይቻላል። በስብስቡ ማኅደር ያለው ግን ለትኬት ቈራጩና ለገንዘብ ያዡ ስለ ሆነ፣ «የዳታቤዝ ኢንዴክስ ተስተካከለ» ከማለት ይልቅ «የሰኞ ጧት ትኬት ሲፈለግ ይዘገይ የነበረው ፈጥኖ እንዲገኝ ተደርጓል» ይባል። ኮሚት ስትጽፉም ምን እንደ ለወጣችሁ ኮዱ ራሱ ይናገራልና እናንተ ለምን እንደ ለወጣችሁ ጻፉ።

ስለ መረብ መቋረጥ ሳልናገር ይህን መመሪያ ብፈጽም ለባሕር ዳር እንደ ጻፍኩት አይቈጠርም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ወራት በቈየ ጊዜ፣ ማኅደሩ በጊትሃብ ብቻ ያለ የሚመስለው ሰው ሥራው የቆመ መሰለው። ጊት ግን ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲያዘጋጀው እያንዳንዱ ቅጂ ሙሉውን ታሪክ እንዲይዝ አድርጎ ስለ ሠራው፣ በላፕቶፓችሁ ያለው ከጊትሃቡ የሚያንስ አይደለም። መረብ በሌለበት ሥራውን ለመለዋወጥ «ጊት በንድል» የተባለው ትእዛዝ አለ፤ ማኅደሩን ከነታሪኩና ከነታጎቹ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያወጣዋል፣ ያ ፋይል በፍላሽ ዲስክ ተጭኖ በጀልባም ሆነ በባጃጅ ይሄዳል፤ ተቀባዩ «ቬሪፋይ» በሚለው ትእዛዝ ጉድለት እንደሌለው ይመረምርና እንደ ማናቸውም ማኅደር ይስበዋል። ሁለተኛው ጊዜ ሙሉውን መጠቅለል አያሻም፤ ከመጨረሻው ታግ ወዲህ ያለውን ብቻ መላክ ይበቃል። የተገነባውን እትም በፍላሽ ስትልኩ ደግሞ የኤስኤችኤ 256 ማረጋገጫ ቁጥሩን ለብቻው በስልክ ወይም በወረቀት ላኩ፤ ፍላሽ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቫይረስ መያዙ የታወቀ ነውና። የምትመኩባቸውንም የውጭ ክፍሎች ቅጂ በቢሮአችሁ አንድ ኮምፒዩተር ላይ አኑሩ፣ በወር አንድ ጊዜም መረቡን ነቅላችሁ ስብስቡ ከዚያ ቅጂ ብቻ ተገንብቶ እንደሚወጣ ፈትኑ።

የቀረው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ማኅደሮቹ በአንድ ተማሪ የግል ስም ተከፍተው፣ ተማሪው ተመርቆ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ አገር በሄደ ጊዜ የይለፍ ቃሉ አብሮት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ቀን ማኅደሮቹን በቡድኑ ስም በተከፈተ ድርጅታዊ መዝገብ ሥር አድርጉ፤ ሙሉ ሥልጣን ያላቸው ከሁለት ሰው አይነሱ፤ እትም የሚፈረምበት ቁልፍ፣ የክፍያው ሚስጥራዊ ቁጥርና የመረብ ስሙ የሚታደስበት ቀን በማኅደሩ ውስጥ ሳይሆን በታሸገ ሰነድ ተጽፈው በቢሮው ካዝና ይቀመጡ። በየክፍሉ ሪድሚ ላይ የተጻፈው የጠባቂ ስምም ሰውየው ሥራውን ባስረከበ ዕለት፣ የርክክቡ ቀን ተጠቅሶ፣ በራሱ ኮሚት ይለወጥ።